ያልጋገሩትን መጻፍ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሬስ ነጻነት ወይም ስለ ሚዛናዊነት መጻፍ ሲገባው ስለ ኬክ ሲጽፍ "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" ሳትሉ አትቀሩም። የዶርም ጓደኞቼም ርእሰ ጉዳዬን ሲሰሙ ስቀውብኛል። አንደኛው እንዲያውም "ለምን ወደ ሆቴል ማኔጅመንት አትዛወርም?" ብሎ አሹፎብኛል። ግድ የለም፣ ይሳቅ። እኔ ግን ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ከአንድ የተቃጠለ ኬክ የተማርኩትን ያህል ስለ ሙያችን ያስተማረኝ ነገር ጥቂት ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ታላቅ እህቴ ዱባይ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ አምስት ዓመት ሠርታ ባለፈው ጥር ወር ወደ አገሯ ተመለሰች። እዚያ ሳለች በኢሞ ስትደውልልን "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ብዬ እጠይቃታለሁ። መልሷ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። እንግዳ ይመጣል፣ እሷ ትጋግራለች። በተለይ ላዩ ላይ ፍራፍሬ እንደ እብነ በረድ መስመር የተጥመለመለበትን ቺዝኬክ የቤቱ ልጆች ስለሚወዱት በየልደታቸው የምትሠራው እሷ ነበረች። አንድ ቀን "ይጣፍጣል?" አልኳት። "እኔ እንጃ፣ ሁልጊዜ የምቀምሰው ሳህኑን ሳጥብ ነው" አለችኝና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስትመጣ አንድ ሙሉ ቺዝኬክ ጋግሬ ፊቷ ላስቀምጥላት ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ።

ኦቭን ያለው ምድጃ እቤታችን አለ። እሷው በላከችው ገንዘብ ነው የተገዛው። እማዬ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የድስትና የክዳን ማስቀመጫ አድርጋው ነው የኖረችው። የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ድስቶቹን አወጣሁና ወልውዬ አዘጋጀሁት። የቀረኝ የአሠራር መመሪያ ብቻ ነበር። እሱንም ከአንድ መጽሔት የምግብ አምድ ላይ አገኘሁ። የመጽሔቱን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ መጽሔት ጥፋት ብቻ ስላልሆነ መጥራቱም አይጠቅምም።

ጽሑፉ "ቀላልና ፈጣን" የሚል ነበር። 3 ፓኬት ክሬም ቺዝ፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ ብስኩት፣ ቅቤ፣ እንጆሪ። "በ325 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት መጋገር" ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨምራለች፦ "ክሬም ቺዝ ካልተገኘ በአይብ መተካት ይቻላል።" ይቺን ሳነብ ደስ አለኝ። ክሬም ቺዝ የሚሸጥበት ሱፐርማርኬት ገብቼ ዋጋውን ካየሁ በኋላ ኪሴ የቻለው አንድ ፓኬት ብቻ ነበርና። ቀሪውን በአይብ ሞላሁት። በአጠቃላይ የሁለት ወር የኪስ ገንዘቤ እዚያ ኬክ ውስጥ ገባ።

እህቴ የመጣች ማግስት አክስቶቼና ጎረቤቶች ተሰብስበው ቡና ሲፈላ እኔ ጓዳ ነበርኩ። የኦቭኑ መዘውር ማለቂያው 250 ነው። 325 ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ? መጨረሻው ላይ አድርጌ ዘጋሁት። ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ጭሱ ሳሎን ደረሰ። ሳወጣው ላዩ ከሰል መስሏል፣ ዳሩ ተሰነጣጥቋል፣ መሃሉን በቢላ ስወጋው ደግሞ ነጭ ውሃ ይወጣል። አይቡ እንደ ፍርፍር ተበታትኗል። ልጥመለምለው የደከምኩበት እንጆሪ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። እማዬ ከበር ላይ ሆና አየችኝና "በቃ ተወው ልጄ፣ ድፎ ዳቦው አለ" አለችኝ። እንዲህ ብላ ባታጽናናኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ገባች። ኬኩን አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ኦቭኑን ነካ አድርጋ "ስንት ላይ ነው ያደረግከው?" አለችኝ።

"325 ይላል።"

"ማ ነው የሚለው?"

"መጽሔቱ።"

"የኛ ምድጃ እኮ ማለቂያው 250 ነው።"

"ለዚያ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግኩት።"

በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አንተ ልጅ! ይሄ እኮ የፋራናይት ነው" አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመና "ምነው ሳትጠይቀኝ?" አለች። ይቺ ጥያቄ ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ቺዝኬክ ስትጋግር የኖረች ሰው ከጎኔ ቁጭ ብላ ሳለ እኔ ያመንኩት ወረቀቱን ነበር። ለምን? ስለታተመ ነዋ! "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላሉ አባቶቻችን። ሞኙና ወረቀቱ ሲገናኙ ደግሞ ውጤቱ ያው የኔ ኬክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በዚያ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ስንት ስሕተት እንደነበረ በኋላ እህቴ ደብተሯን አውጥታ አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንባቢ እንዲፈርድ እዚህ ላስቀምጣቸው።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። 325 ሲባል የፋራናይት ነው የሴንቲግሬድ የሚለው አልተጻፈም። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ከ325 ላይ 32 ቀንሶ፣ በ5 አባዝቶ፣ ለ9 ማካፈል ነው። 163 ገደማ ይመጣል። እዚህ አገር የሚሸጡት ኦቭኖች የሚቆጥሩት በብዛት በሴንቲግሬድ ነው። ያችን አንዲት ቃል ለመጨመር ቦታ ጠፍቶ ነው ማለት አይቻልም፤ የኬኩ ፎቶ ግማሽ ገጽ ይዟል። መለኪያን ሳይጠቅሱ ቁጥርን ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር የጠፋችው አንደኛው ወገን በእንግሊዝ መለኪያ ያወጣውን ቁጥር ሌላኛው በሜትሪክ መለኪያ የወጣ መስሎት ስለተጠቀመበት ነው። መንኮራኩሯ 125 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶባታል። የኔ ኬክ የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ነው። መጠኑ ይለያይ እንጂ ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው "ፓኬት" የሚለው ነው። የአሜሪካኖቹ የክሬም ቺዝ ፓኬት 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ገደማ ነው። ሦስቱ 680 ግራም ይሆናል። እኛ ጋ የሚመጣው ፓኬት ግን እንዳስመጪው ይለያያል። የአሜሪካን ጓዳ ልኬት ሳይለውጡ ገልብጦ "3 ፓኬት" ማለት ለገበያ የላኩትን ልጅ "ጥቂት ሽንኩርት አምጣ" እንደማለት ነው። ኩባያውም ያው ነው። የነሱ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ የታወቀ መለኪያ ነው፣ የኛ ኩባያ ግን እንደየቤቱ ነው።

ሦስተኛውና የሚያናድደኝ የአይቡ ነገር ነው። አይብ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ የአገራችን ሰው አለ? ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ ለብ ብሎ ሲሞቅ አይብ ይሆናል። ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ አይብ ውስጥ የሚቀረው ስብ ከመቶ 2 እጅ ቢሆን ነው፤ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ክሬም ቺዝ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት ቼስተር በምትባል ቦታ ዊልያም ሎውረንስ የተባለ የወተት ነጋዴ ለገበያ ያወጣው ይሄ አይብ የሚሠራው ከወተት ላይ ክሬም ተጨምሮበት ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ክሬም ቺዝ ለመባል ስቡ ቢያንስ ከመቶ 33 እጅ መሆን አለበት። እንግዲህ ስብ የሌለውን በስባሙ ቦታ ልክ በልክ ተክቶ አንድ ዓይነት ኬክ መጠበቅ እንዴት ይቻላል? ያችን "መተካት ይቻላል" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው አንድ ቀን ሞክሯት ቢሆን ኖሮ አትታተምም ነበር። ከእንግሊዝኛው ውስጥ የመጣች አትመስለኝም። የኛው ሰው የጨመራት ናት። ማለትም ገለበጠ ብቻ ሳይሆን ፈጠረም።

አራተኛው እንጆሪው ነው። እንጆሪ በኛ አገር ደጋ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው እሾኻም የዱር ፍሬ ነው። ዛሬ ግን ከተሜው ስትሮበሪውንም እንጆሪ ይለዋል። ጸሐፊው የትኛውን ማለቱ ነው? አይታወቅም። የትኛውንም ቢል ግን ጥሬውን ፈጭቶ ሊጡ ላይ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። ቀቅለው ካላወፈሩት መስመር አይሠራም። ይህንንም ጽሑፉ አላነሳውም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ለምግብ አምድ ነው እንዴ የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቺዝኬክ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከአይብ ስለሚጋገር ቂጣ አሠራር ጽፏል። አይቡ ሁለት የሮማ ፓውንድ፣ ዱቄቱ አንድ ፓውንድ፣ እንቁላሉ አንድ ብሎ በልኩ አስቀምጦታል። ዱቄቱን ቀለል ማድረግ ለፈለገም ግማሽ ፓውንድ ይበቃል ይላል። ከሥሩ ቅጠል ተነጥፎ፣ በሞቀ ምድጃ ላይ ክዳን ተደፍቶበት፣ ቀስ ብሎ እንዲበስል ያዛል። የኮባ ቅጠል አንጥፋ ድፎ ዳቦ ለምትጋግር እናት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው መጠኑን፣ ምድጃውንና የእሳቱን ልክ ጽፎ ሳለ እኛ በኮምፒውተር ዘመን "3 ፓኬት፣ 325 ዲግሪ" ብለን እናልፋለን።

ወደ እህቴ ደብተር ልመለስ። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ልባሱ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘ። ዱባይ በገባች በመጀመሪያው ወር ቺዝኬክ ጋግሪ ስትባል እሷም እንደኔ አቃጥላ ነበር። ማዳሟ የቁሳቁሱን ዋጋ ከደመወዟ ላይ ቆረጠችባት። መመሪያው በዓረብኛ ስለነበር ማንበብ አትችልም። ስለዚህ የማዳሟ እናት ስትጋግር አጠገቧ ቆማ እያየች ማታ ማታ በአማርኛ ትጽፍ ጀመር። ደብተሩን ስገልጠው በእውነት አፈርኩ። "170" ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፤ አጠገቡ "አይሆንም፣ ይሰነጠቃል" ይላል። ከሥሩ "160" አለ። "እንቁላል ከገባ በኋላ ብዙ አትምቺው፣ አየር ይገባበታል፣ ይነፋና ይወድቃል" ይላል። "አይቡ ከፍሪጅ እንደወጣ አይገባም፣ ይጓጉላል" ይላል። እያንዳንዱ መስመር ተሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ የተጻፈ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ "ማረጋገጥ" እያልን የምንማረው ይሄ አይደለም እንዴ? እህቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው።

ሁለተኛውን ቺዝኬክ አብረን ጋገርን። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማክሰኞ ማታ ነበር። ክሬም ቺዙ ውድ ስለሆነ ያልኮመጠጠ፣ ስቡ ያልወጣለት 2 ሊትር እርጎ በንጹሕ ሻሽ አስረን ሌሊቱን አንጠለጠልነው። ውሃው ወርዶ 700 ግራም ያህል እንደ ክሬም የወፈረ እርጎ ቀረን። ቅቤው ስላልወጣለት እንደ አይብ አይበታተንም። ሚዛን ስለሌለን የሚመዘነውን ሁሉ ሰፈር ሱቅ አስመዝነን ነው የያዝነው። 200 ግራም ተራ ብስኩት ወቅጠን ከ90 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ ጋር ለውሰን፣ ወርዱ 22 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዙሪያው የሚፈታ መጋገሪያ ሥር ጠቅጥቀን ደለደልነው። (የገበታ ቅቤ ነው ያልኩት። የምጽፈው "ቅቤ" ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው የወጥ ቅቤውን እንደሚያቀልጥ አያጠራጥርም።) እርጎውን ከ180 ግራም ስኳር፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ከትንሽ ቫኒላና ከተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ጋር አዋሐድነው። ከዚያ 3 እንቁላል አንድ በአንድ ጨመርን፤ እንቁላሉ እንደተዋሐደ ማማሰሉን አቆምን።

ፍሬው ማንጎ ነበር። አንድ የበሰለ ማንጎ ፈጭተን በወንፊት አሳለፍነው። ከ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ከሎሚ ጠብታ ጋር፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተጣብቆ እስኪቀር ድረስ አበስለን አቀዘቀዝነው። እርጎው ላይ በማንኪያ ጠብ ጠብ አድርጋ በስቴኪኒ መሃል ለመሃል ጎተተችው። እኔ ልቀጥል ስል እጄን ያዘችኝ። "ይበቃል፤ ካበዛኸው ሁሉም አንድ ቀለም ይሆናል" አለችኝ። ከዚያ መጋገሪያውን በፎይል ጠቅልለን ሙቅ ውሃ ባለበት ሰፊ ትሪ ውስጥ አስቀምጠን 160 ላይ አስገባነው። እንቁላል ያለበት ነገር ሲቸኩሉበት ይጨማደድና ይሰነጠቃል፤ ውሃው እሳቱን ያበርድለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ። የእህቴ ደብተር "50 ደቂቃ" ይላል። 50 ደቂቃ ሲሞላ ግን መሃሉ ገና ፈሳሽ ነበር። እህቴ ተገረመች። ቆይተን ስናስበው ነገሩ ገባን። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ናት፣ እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ ኬኩም ይዘገያል። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን ዳሩ ረግቶ፣ መሃሉ የሦስት ጣት ስፋት ያህል እንደረጋ እርጎ ሲወዛወዝ እሳቱን አጠፋን። በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርገን አንድ ሰዓት ተውነው፤ ከዚያ ወደ ፍሪጅ ገባ። እህቴ ደብተሯን አውጥታ "50" የሚለውን ሳትሰርዝ ከጎኑ "አዲስ አበባ፦ 1 ሰዓት ከ10" ብላ ጻፈች። አምስት ዓመት የሠራችበትን ቁጥር እንኳ አገር ሲቀየር እንደገና አረጋገጠችው። እኛስ?

ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም። እማዬ በጾም ቀን ወተት ነክ ነገር ሲነካ አትወድም። ስለዚህ ቺዝኬኩ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ቆየ። ለሱም በጀው፤ ቺዝኬክ ቢያንስ አንድ ሌሊት ካላደረ አይረጋም። ሐሙስ ዕለት ስንፈታው ቢጫው መስመር ነጩ ላይ ተጥመልምሎ ነበር። አንድም ስንጥቅ የለውም። እህቴ የመጀመሪያውን ቁራጭ በሳህን አድርጋ ቁጭ ብላ በላች። ቆማ አይደለም፣ ሳህን እያጠበች አይደለም። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አልጠየቅኳትም።

አሁን ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። አዘጋጆችን በጥፋተኝነት ብቻ መክሰስ እንደማይገባ አውቃለሁ። የዝግጅት ክፍል ወጥ ቤት የለውም፣ በጀት የለውም፣ ገጹ ደግሞ ለሕትመት መሙላት አለበት። አንድ ሰው ፖለቲካውንም ስፖርቱንም ምግቡንም ይጽፋል። ሲቸኩል ከኢንተርኔት ላይ ይገለብጣል። ግን "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ነው ነገሩ። ሲፈታ ደግሞ የሚጎዳው አዘጋጁ አይደለም። ገንዘቧን ቆጥራ እንቁላልና ቅቤ የገዛች አንባቢ ናት። እሷም "መጽሔቱ ተሳስቷል" አትልም፤ "እኔ አልችልበትም" ብላ ኦቭኗን መልሳ የድስት ማስቀመጫ ታደርገዋለች።

ስለ ሌሎች ብዙ ካልኩ ስለ ራሴም ልናገር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ በዚሁ ቡለቲናችን ላይ "ለፈተና እንዴት እንዘጋጅ?" የሚል ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። "በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ጥናታችሁን ቀድማችሁ ጀምሩ" ብያለሁ። ያንን የጻፍኩት በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛሁም ነበር። ከሦስት ቦታ ገልብጬ ነው ያቀናበርኩት። አንዱንም አልሞከርኩትም። ማንም አልወቀሰኝም፣ እንዲያውም ተመስግኜበታለሁ። ያልጋገሩትን መጻፍ በሽታው ከኔም ጀምሮ አለ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ለቡለቲናችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። "እንዴት እንደሚሠራ" የሚል ማንኛውም ጽሑፍ፣ ኬክም ይሁን የጥናት ዘዴ ወይም የካሜራ አጠቃቀም፣ ጸሐፊው ራሱ ካልሠራው ወይም ከሠራው ሰው ጎን ቁጭ ብሎ ካላየው አይታተም። ጊዜ ካልበቃን ቢያንስ "ተተርጉሞ የቀረበ፣ ያልተሞከረ" ብለን እንጻፍበት። አንባቢ ያን ጊዜ ይጠነቀቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

የሠራውን ሰው ከየት እናምጣ? የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ሰፈራችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች በየቤታችን አሉ። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ በላባቸው የተማሩት ሙያ አለ። ደብተር ያላቸውም ጥቂት አይመስሉኝም። አንድም የምግብ አምድ ግን ሲጠይቃቸው አላየሁም።

እህቴን "የቺዝኬኩን አሠራር በስምሽ ላውጣው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ስሜን ተወው" አለችኝ። "ለምን?" ስላት ትንሽ ዝም ብላ "ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ስሟ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው እኮ ወይ ሞታ ነው፣ ወይ ተደብድባ ነው። እማዬ ስሜን አይታ ትደነግጣለች" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደዚህ ሙያ የምንገባ ሰዎች መልስ ሊኖረን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስሟን ስላልፈቀደች አልጻፍኩትም፤ አሠራሩ ግን የሷ ነው።

ቺዝኬኩን የምትሞክሩ ካላችሁ ከላይ ያሉት ልኬቶች ሁለት ጊዜ ተመዝነዋል። ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ያለ ወይም ከፍ ያለ አገር የምትጋግሩ ሰዓቱን ሳይሆን መሃሉን እዩ። ስሕተት ያገኘ ሰው ለቡለቲኑ ይጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አርማለሁ።

ቸር እንሰንብት።